የጓሮ ጥያቄና መልስ፦ ጅማ በክረምት ለምለም ናት፣ ንቧ ግን ምን ትቅሰም?

ሰላም ናቹ የዚህ አምድ ቤተሰቦች። ግንቦት ሲገባ ሰው ሁሉ አፈር መቆፈር ያምረዋል መሰለኝ ከጅማና ከዙሪያዋ የመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ነገር ላይ ያተኮሩ ናቸው፣ ግቢዬ ምን ልትከል ንብ እንዲመጣልኝ የሚል። ስለዚ የዛሬውን አምድ ለሱ ሰጥተነዋል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ ስም አልጻፍኩም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

«ጋሼ እንደምን ከረሙ። የምኖረው ኮቺ ነው። ባለቤቴ ሁለት ዘመናዊ ቀፎ ገዝቶ ጓሮ አስቀምጧል፣ ንብም ገብቶባቸዋል። ግቢያችን ሰፊ ባይሆንም አበባ ሞልቶታል፣ አጥሩ ላይ ቡጌንቪሊያ አለ፣ ድርብ ጽጌረዳ አለ፣ በረንዳው ስር ጄራኒየም አለ። ንቦቹ ግን ከቀፎ ወጥተው ቀጥ ብለው በአጥር ላይ ወደ ጎረቤት ነው የሚሄዱት፣ የኔን አበባ ዞር ብለውም አያዩት። አምና ደግሞ ነሐሴ ላይ አንዱ ቀፎ ጥሎን ሄደ። ምን ብተክል ነው የሚወዱልኝ? ዝርዝር ይላኩልኝ።»

እህቴ ዝርዝሩ ይመጣል፣ መጀመሪያ ግን ንቦችሽን አንውቀሳቸው። ቡጌንቪሊያ ላይ የምታይው ያ ደማቅ ሮዝ ነገር አበባ አይደለም፣ ቀለም ያወጣ ቅጠል ነው። አበባው መሀሉ ላይ ያለችው ቀጭን ነጭ ቱቦ ናት፣ እሷም ጠባብና ረጅም ስለሆነች የማር ንብ ምላስ ታች ድረስ አይደርስላትም። ማስታወቂያው ደማቅ ኩሽናው ግን የተቆለፈ ሆቴል በይው። ድርብ ጽጌረዳሽም ያ ሁሉ ድርብርብ የመጣው ዱቄት የሚመስለውን ብናኝ መስጠት የነበረበት ክፍል ወደ አበባ ቅጠልነት ስለተለወጠ ነው፣ የቀረችውንም ትንሽ ብናኝ ለማግኘት ንቧ ያን ሁሉ ንጣፍ ገልጣ መግባት አለባት፣ አትገባም። ነጠላ ጽጌረዳ ቢሆን ኖሮ፣ ያ አምስት ቅጠል ብቻ ያለው መሀሉ ቢጫ የሆነው፣ ትሄድበት ነበር። እነዚህን ንቀዪ አላልኩም ለዓይንሽ ያምራሉ ይቀመጡ፣ ለንብ ነው ብለሽ አታስቢያቸው ብቻ።

ቀለምም ጠይቀሽኝ ባታውቂም ሌሎች ስለጠየቁ እዚሁ ልበለው፣ ንብ ቀይን እንደኛ አታየውም፣ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት የሚባለውን ብርሃን ግን ታያለች፣ ስለዚ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቢጫና ነጭ ነው በብዛት የሚስባት። ቦትል ብራሽ የሚባለው ዛፍ አበባው ቀይ ሆኖ ንብ ይወረዋል እኮ የምትሉ አላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ እሱ ኔክታሩ፣ ንቧ ማር የምትሠራበት ጣፋጭ ፈሳሽ ማለት ነው፣ ብዙ ነው ደግሞም ገላጣ ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል። ህጉ ህግ ነው ግን ሆድ ይቀድማል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ንብ የምትወደው አበባ የቱ ነው ብሎ ነው። ጅማ ላይ ከዚህ በፊት የሚጠየቅ አለ፣ ንቧ የምትራበው መቼ ነው የሚለው። ምክንያቱም እዚህ አገር አብዛኛውን ዓመት ያንቺ ግቢ ኖረ አልኖረ ምግብ ሞልቷል። ተመልከቺ፣ ከመስከረም ጀምሮ አደይ አበባና መጭ ሜዳውን ቢጫ ያደርጉታል፣ ዋንዛው ነጭ ይለብሳል፣ ወጣ ካልሽ ኑግ አለ። ከታህሳስ ጀምሮ ግራዋ ይመጣል፣ እዚህ ብዙ ሰው ኢቢቻ ነው የሚለው፣ ደረቅ ወቅት ላይ ስለሆነ ንቧ ዝናብ ብዙም ሳያስቸግራት ትቀስመዋለች። የካቲት መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ካለ ከሳምንት ትንሽ አለፍ ብሎ ቡናው ባንዴ ነጭ ይሆናል፣ ከተማ ውስጥ ራሱ ሽታው ይደርሳል። ከዛ በኋላ ገተማ፣ ብሳና፣ ሌሎቹም የጫካ ዛፎች እየተቀባበሉ እስከ ግንቦት ያደርሷታል፣ የዚህ አገር ትልቁ ማርም ከዚሁ ነው የሚወጣው። ንብ ደግሞ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር መብረር ምንም አይመስላትም፣ በነዚህ ወራት ጎረቤት ሄደች ብለሽ አትዘኚ፣ ዝም ብለሽ ማሩን ጠብቂ።

ችግሩ ያለው ከሰኔ ማለቂያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት አገር ናት፣ ክረምቱ ላይ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ስለሚሆን ሰው ንቧ የጠገበች ይመስለዋል፣ አረንጓዴ ግን ለላም እንጂ ለንብ ምኗም አይደለም። ዛፎቹ አብበው ጨርሰዋል፣ የመስከረሙ ገና ቡቃያ ነው፣ ያለውም አበባ ገላጣ ከሆነ ኔክታሩን ዝናቡ ያጥበዋል ወይ ያቀጥነዋል። በዛ ላይ በዝናብ አትበርም። ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ብልጭ ብላ እስክትጠፋ ያለችው ሰዓት ብቻ ናት የሥራ ሰዓቷ፣ በዛች ሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዳ መመለስ አያዋጣትም። እንግዲህ ያንቺ ጓሮ የሚያስፈልጋት እዚህ ጋ ነው! ቀፎው አጠገብ ያለ አበባ ዋጋው የሚታየው በክረምት ነው። አምና በነሐሴ ጥሎሽ የሄደውም ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ጉንዳን ይሆናል፣ ቀፎው አፍሶ ይሆናል፣ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ረሃብ ነው።

ስለዚ ለክረምት የሚያብብ ነገር ትከዪ። ዱባ ቁጥር አንድ ነው። የዱባ አበባ ገና ሲነጋ ነው የሚከፈተው፣ ወደ እኩለ ቀን ይዘጋል፣ የኛ ክረምት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠዋት ገለጥ ብሎ ከሰዓት ነው የሚለቀው፣ ሰዓታቸው ገጠመ ማለት ነው። አጥር ላይ ቢወጣም ቆሻሻ መጣያው ጋ ቢበቅልም ችግር የለውም። ሱፍ አበባ ደግሞ ሁለት ጊዜ ዝሪ፣ ግማሹን አሁን ግማሹን ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሁለት ወር ከምናምን ላይ ያብባል ስለዚ ሐምሌንና ነሐሴን ይከፋፈሉልሻል። ፍሬው በዝናብ ሊሻግትብሽ ይችላል፣ ለሱፍ ውሃ ብለሽ ከሆነ ተስፋ አታርጊ፣ የምንዘራው ለንብ ነው። ከጎመኑም ሁሉንም እየቀነጠስሽ አትጨርሺው፣ ጥቂቱን ተይው ይምዘዝና ቢጫ አበባውን ያውጣ፣ ንብ የጎመን አበባ ነፍሷ ነው። በቆሎ ጓሮ ካለሽ ከጫፉ አበባ ብናኝ ብቻ ነው የምታገኘው ኔክታር የለውም፣ ብናኙ ግን ለእጮቹ ቀለብ ስለሆነ እሱንም ጠዋት ጠዋት ስትለቅም ታያታለሽ።

በሶብላ ላይ ልቆይ ምክንያቱም እሱን ነው በጣም የምወደው። አበባው ትንንሽና ከንፈር ያለው ነው፣ ኔክታሩ ውስጥ ስለተከለለ ዝናብ ቶሎ አያጥበውም፣ ደግሞ ሳይቋረጥ ነው የሚያብበው። ችግሩ እኛ ነን፣ ለበርበሬና ለሽሮ ብለን ዘለላውን ልክ ሲያብብ እንቆርጠዋለን። ግማሹን ለድስትሽ ቁረጪ ግማሹን ተይላት። ዳማ ከሴም የሱ ዘመድ ነው፣ ሰው ሲታመም ቅጠሉ ሲቀጠፍ ይኖራል እንጂ ሲያብብ ንብ አይለየውም። የሥጋ መጥበሻ ደግሞ ሰማያዊ አበባው ለንብ የተሠራ ነው የሚመስለው፣ ውሃ ሲተኛበት ግን ስሩ ይበሰብሳል፣ የኛ ቀይ አፈር ደግሞ ውሃ ይይዛል፣ ስለዚ ከፍ ያለ መደብ ሠርተሽ አሸዋ ቀላቅለሽ ትከዪው። ጦስኝ የጠየቃችሁኝም ነበራችሁ፣ እሱ የደጋ ነው እዚህ ዝናብ ላይ አታስቸግሩት።

ሌላ ልብ የማይባል ነገር፣ ንብ አንዴ ስትወጣ አንድ ዓይነት አበባ ብቻ ነው እየዞረች የምትቀስመው። ስለዚ አንድ እግር በሶብላ፣ አንድ እግር ሱፍ፣ አንድ እግር ድንብላል እያደረግሽ ግቢውን ናሙና ማሳያ አታድርጊው። አንዱን ዓይነት ቢያንስ አንድ ካሬ ሜትር ሙዪው፣ ቢቻል ከዛ በላይ። ሦስት አራት ዓይነት በርከት አድርጎ መትከል ሃያ ዓይነት ከመበታተን ይሻላል። አረሙንም ትንሽ ታገሺው፣ ጨጎጊት ልብስ ላይ ይለጠፋል ያናድዳል አውቃለሁ ግን ለንብ ብናኝም ኔክታርም አለው፣ አጥር ጥግ ያለውን አብቦ ዘር ሳይዝ በፊት ብታጭጂው ሁላችሁም ትስማማላችሁ።

አሁን ደግሞ የማይጥምሽን ልንገርሽ። የቱንም ያህል ብትተክዪ አንድ ጓሮ ሁለት ቀፎ አይቀልብም። ክረምትን የሚያሻግራት ከአበባው በላይ የተውሽላት ማር ነው። የግንቦትና የሰኔውን ማር ስትቆርጡ ሙልጭ አድርጋችሁ ከወሰዳችሁ ሐምሌ ላይ ባዶ ቤት ነው የምትቀመጠው፣ ባዶ ቤት ደግሞ የኛ አገር ንብ ትዕግስት የላትም ትሄዳለች። ጥቂት ማር የሞላ የማር እንጀራ ተዉላት። እሱ ካለፈ አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ማታ ላይ ቀፎው ውስጥ አስገቡላት፣ ውጪ አታስቀምጡ የሌላ ቀፎ ንብ ሸቶት መጥቶ ዝርፊያ ይጀመራል። በሶ ወይም ሽሮ በትንሹ የሚሰጡም አሉ ለብናኙ ምትክ። ስኳር በዚህ ዋጋ ለንብ? ትይኛለሽ፣ እኔም እላለሁ፣ ለዛ እኮ ነው ማሩን ተይላት የምለው።

«ሰላም ጋሽዬ፣ ተማሪ ነኝ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ አጂፕ አካባቢ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ግቢ የለኝም፣ በረንዳ ላይ የተቆረጠ ጀሪካን ሦስት አራት አሉኝ። ንብ የለኝም ግን ሲመጡ ማየት ደስ ይለኛል። የሚሆን ነገር አለ?»

አለ የኔ ልጅ። ሁለቱ ላይ በሶብላ፣ አንዱ ላይ የሥጋ መጥበሻ፣ ትርፍ ካለህ ድንብላል ዝራበትና ሳትቆርጠው እንዲያብብ ተወው፣ ነጭ ጃንጥላ የሚመስል አበባ ያወጣል በሁለት ወር ገደማ። ጀሪካኑን ከስሩ ብሳው! አለበለዚያ ክረምቱ ያንተን አትክልት አሳ ገንዳ ያደርገዋል። ፀሐይ የሚያገኝ ጎን ላይ አድርግ፣ ጥላ ላይ ያለ በሶብላ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥህም። የተከራይ ነገር ነው አከራይህን ቀድመህ አስፈቅድ፣ በሶብላው ሲደርስ ትንሽ ብታቀምሳቸው አይከፋም።

«ጤና ይስጥልኝ። ማና ወረዳ የቡና ገበሬ ነኝ፣ እድሜዬም ገፍቷል። ጎረቤቴ ቀፎ ደርድሯል። ቡናው ሲያብብ ንቡ እንደ ደመና ነው የሚወርድበት፣ በሁለተኛ ሦስተኛው ቀን አበባው ይረግፋል። ሰው ንቡ ነው አበባውን የሚበላው ይላል። እውነት ነው? ደግሞ ከቡናው ጎን ትንሽ ጫት አለችኝ መድሃኒት እረጫለሁ፣ ጎረቤቴ ንቤን ፈጀህብኝ እያለ ተቀያይመናል።»

አባቴ ጤናዎን ይስጥልኝ። አበባውን ንብ አትበላውም። የቡና አበባ በተፈጥሮው ሁለት ሦስት ቀን ነው እድሜው፣ ንብ ቢመጣም ባይመጣም ይረግፋል፣ ፍሬው ከስሩ ይቀራል። የኛ አረቢካ ቡና በራሱ ብናኝ ማፍራት የሚችል ነው፣ ያለ ንብም ቡና ይኖርዎታል ማለት ነው፣ ግን ንብ የዞረበት ቡና ካልዞረበት የበለጠ ፍሬ ይቋጥራል፣ ይሄ በተለያየ አገር ቡና ላይ ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ስለዚ እነዛ እንደ ደመና የሚወርዱት ያለ ደሞዝ እየሠሩልዎት ነው። ጎረቤትዎን ሊከሱት ሳይሆን ቀፎውን ወደ ቡናው ጠጋ አድርግልኝ ሊሉት ነው የሚገባው።

እንደው ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ የቡና አበባ ኔክታር ውስጥ እዛው ፍሬው ላይ ያለው ካፌን በጥቂቱ አለ፣ የብርቱካንና የሎሚ ዘሮች አበባ ውስጥም እንደዛው። በ2013 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ያቺ ትንሽ ካፌን ንቧ የአበባውን ሽታ አጥብቃ እንድታስታውስ እንደምታደርጋት አሳይቷል፣ ስለዚ ደግማ ደጋግማ ትመለሳለች። የጅማ ሰው ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠጣ ከቡና ላይ የማይነሳው ምን ሆኖ ነው ታዲያ።

ወደ ጫቱ ስንመጣ ጎረቤትዎ ያላግባብ አልተቆጡም። የሚረጩት መድሃኒት ተባይ ገዳይ ከሆነ ንብም ነፍሳት ናት፣ ለሷ የተለየ ምህረት የለውም። ጫቱ ላይ ረጭተው ነፋስ ቡናው አበባ ላይ፣ ጎመኑ ላይ፣ ንቧ የምትጠጣው ጤዛ ላይ ያደርሰዋል። ቡናው ሲያብብ ባሉት በነዛ ጥቂት ቀናት እባክዎ ጭራሽ አይርጩ። በሌላው ጊዜ የግድ ከሆነብዎ ንብ ቤቷ ከገባች በኋላ ማታ፣ ነፋስ በሌለበት። እና ከዋዜማው ለጎረቤትዎ ይንገሩት፣ ንቡ ማታ ከገባ በኋላ የቀፎውን በር አየር በሚያስገባ ወንፊት ሸፍኖ በማግስቱ ማቆየት ይችላል። የአረም መድሃኒቱም ንቧን ወዲያው ላይገድል ይችላል ግን ያ ማሳ ዳር ያለውን መጭና ጨጎጊት ሁሉ ሲያጠፋው መስከረም ላይ የሚቀሰም አይኖርም። ማሳ ዳር ያለውን በማጭድ ቢያጭዱት ለሁሉም ይሻላል። እርቁን ደግሞ ቡና አፍልተው ቢጠሩት ያልቃል መሰለኝ፣ እናንተ አገር ሽማግሌ አይጠፋም።

«አጋሮ ነው ያለሁት፣ ግማሽ ሄክታር የምትሆን የቤተሰብ መሬት አለችኝ ቡና ያላት። አበባ ሳይሆን ዛፍ መትከል ነው የምፈልገው ለማር። ባህር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል ይሉኛል ንብም ይወደዋል። ምን ትመክረኛለህ ወንድሜ?»

ንብ ባህር ዛፍ ትወዳለች እውነት ነው፣ ማሩም ማር ነው። ከቡና ጋር ግን አታድርገው፣ ውሃውንም መሬቱንም ይሻማሃል፣ ጥላውም ለቡና አይሆንም። ራቅ ያለ ዳር ላይ ካለህ ይሁን።

ያንተ መሬት ቡና ካላት ጥላ ዛፍ ያስፈልጋታል፣ ጥላ ዛፉ ራሱ የንብ ቀሰም ይሁንልሃ። ሰሳ አለ፣ ብርብራ አለ ሐምራዊ አበባው ሲፈነዳ ዛፉ ሙሉ ይጮሃል በንብ፣ ዋንዛ አለ በመስከረምና በጥቅምት በኩል የሚያግዝህ ጣውላውም ለልጅ ልጅ የሚተርፍ። ብሳና ራሱ በቅሎ ታገኘዋለህ፣ ቅጠሉም ሲረግፍ ለአፈሩ ጥሩ ነው፣ ከመንቀልህ በፊት አስብ ብቻ። ገተማ የሚባለው ያ ነጩን ማር የሚሰጠው ነው፣ እዚህ የጌራን ጫካ ማር የቀመሰ ያውቀዋል፣ ዘሩ ብዙ ጊዜ ሌላ ትልቅ ዛፍ ላይ አርፎ ነው ህይወት የሚጀምረው፣ ከዘር አፈር ላይ ማብቀል ትዕግስት ይፈልጋል፣ ከቅርንጫፍ ቁራጭ ይሻላል። ቶሎ ልብላ ካልክ ደግሞ የተዳቀለ አቮካዶ፣ በሦስት አራት ዓመት ፍሬ ይሰጥሃል። የአቮካዶ አበባ አንዴ በሴትነት አንዴ በወንድነት በተለያየ ሰዓት ነው የሚከፈተው፣ ስለዚ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ብናኝ የሚያዞርለት ይፈልጋል፣ ንብህ አቮካዶህን አቮካዶህ ንብህን ያያሉ። ከተቻለህ ሁለት የተለያየ ዝርያ ትከል። እኔ ብሆን ለግማሽ ሄክታር ጥቂት ዋንዛና ብርብራ በቡናው መሀል፣ አቮካዶውን ቤቱ ጋ፣ ግራዋውን አጥር አድርጌ እጨርሳለሁ። ግራዋ ከቁራጭ ይበቅላል፣ ጥሩ አጥር ነው፣ ታህሳስ ጥር ላይ ያብባል፣ ለጠላ ለሚጠምቁ ሴቶችም ጋን ማጠቢያ ይሆናል።

«ጎረቤቴ ንብ አስገብቶ የኛን ልጆች እየነደፈብን ነው። አበባ እንዳይተክል ማድረግ እችላለሁ?»

አበባውን ቢነቅለው ንቡ አይሄድም። አበባ ላይ ያለች ንብ ሥራ ላይ ናት ካልረገጧት አትነድፍም፣ የምትነድፈው በሯ ላይ ያለችው ጠባቂ ናት። ስለዚ ችግሩ የቀፎው አቀማመጥ ነው። የቀፎው በር ወደ መንገድ ወይም ወደ ልጆች መጫወቻ ከዞረ ይዙር፣ ከበሩ ፊት ለፊት ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ የሚሆን አጥር ይተከል፣ ንቧ ስትወጣ ሽቅብ ተነስታ ከጭንቅላታችሁ በላይ ትሄዳለች። ሰንሰል ይተክል በሉት፣ ዱሙጋ የሚሉት ማለት ነው፣ ከቁራጭ ክረምት ላይ ቶሎ ይይዛል፣ ነጭ አበባውንም ንብ ትወደዋለች። ማር የሚቆርጠውም ማታ ይሁን፣ ቀድሞም ይንገራችሁ ልጆች እንዲገቡ። ማሩ ሲወጣ ደግሞ ለጎረቤት ድርሻ ማቅመስ የድሮ ወግ ነው፣ እሱን አስታውሱት።

«ማር ሊመርዝ ይችላል ወይ? አጥራችን ቁልቋል ነው፣ አስተናግርም በቅሏል።»

የቁልቋል ማር ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ይሄን ማር ቆራጮች ሁሉ ያውቁታል፣ ጥቂት እግር አጥር ላይ ስላለ ግን ማርሽ አይበላሽም፣ አካባቢው ሁሉ እሱ ብቻ ሲሆን ነው። አስተናግርን ግን ንቀዪው፣ በእጅሽ ጓንት አርገሽ፣ ሁለመናው መርዝ ነው። ማር ቢቀር እንኳን ልጆች ዘሩን አፋቸው ሊከቱት ይችላሉ።

«ጋሼ ዘሩን ከየት እናምጣ? ደግሞ ኑግ ብዘራስ ለክረምት ይደርስልኛል?»

ሂርማታ ገበያ ቅመም ከሚሸጡት ጋ ድንብላሉን፣ ሱፉን፣ ኑጉን በኪሎ ሳይሆን በትንሽ በትንሽ ግዙ፣ ያልተቆላ መሆኑን ብቻ ጠይቁ፣ የተቆላ ሱፍ ዘርቶ በየቀኑ እየወጣ የሚያይ ሰው አይጠፋም። ከመዝራታችሁ በፊት ጥቂቱን እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት። በሶብላ ከጎረቤት ይገኛል፣ የደረቀ ዘለላውን በእጅ አሽቶ መበተን ነው። ዳማ ከሴና ግራዋ ቁራጭ ነው፣ የሚከለክልሽ የለም።

ኑግ ለክረምት አይደርስም። ኑግ ቀኑ ሲያጥር ነው የሚያብበው፣ ግንቦት ላይ ብትዘሪውም ቅጠሉን እያሳደገ መስከረምን ይጠብቃል፣ ያኔ ደግሞ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነው። ለዘር ከሆነ ግን ዝሪው፣ ኑግ በራሱ ብናኝ አያፈራም፣ ንብ ካልዞረበት ገለባ ነው የሚሆነው፣ ቀፎ ያለበት ጎን ላይ ብታደርጊው ዘይቱ ላይ ታይዋለሽ። ለሐምሌ ዱባውን ነው አሁኑኑ መቅበር፣ ይሄ ሳምንት ሳያልፍ።